የምንጣፍ ጥንዚዛ ቤት ሲገባ፦ ከመለየት እስከ ማጥፋት

ጥያቄው በየጊዜው ይመጣል። አባባሉ ይለያያል እንጂ ጉዳዩ አንድ ነው። «መስኮት ላይ ትንንሽ ክብ ጥንዚዛዎች አያለሁ። የሱፍ ሹራቤ ደግሞ ተበሳስቷል። ፍሊት ብነፋም ተመልሰው ይመጣሉ። ምን ላድርግ?» አንዳንዱ ፎቶ ይልካል። አንዳንዱ ትኋን መስሎት ፍራሹን ሊጥል ደርሷል። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ አንድ ቦታ ላይ ላስቀምጠው ብዬ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። መስኮት ላይ የምታዩዋት ጥንዚዛ ልብሳችሁን አልበላችም። የበላው እጩ ነው። እጩ ማለት ከእንቁላሉ የሚወጣው ፀጉራም ትል ነው። ብርሃን ስለሚሸሽ እሱን አታዩትም። እናቱን ስትገድሉ ብትውሉ እሱ ቁም ሳጥን ውስጥ መብላቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ የሚያነጣጥረው እጩ የተደበቀበትን ቦታ ማግኘት ላይና ምግቡን ማንሳት ላይ ነው።

ጠባዩን ሳያውቁ አይጀመርም

ጥንዚዛዋ ከ2 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ብትሆን ነው። በብዛት የሚያጋጥሙት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛዋ ክብ ስትሆን ጀርባዋ ላይ ነጭ፣ ቡናማና ቢጫ ቀለም ተዘበራርቆ ዝንጉርጉር ያደርጋታል። ሌላዋ ትንሽ ሞላላ ሆና ጥቁር ወይም ጥቁር ቡናማ ናት። ሁለቱም ይበራሉ። ምግባቸው የአበባ ብናኝና የአበባ ወለላ ነው። ስለዚህ ውጭ አበባ ላይ ይውላሉ። በተከፈተ መስኮት በርረው ይገባሉ፣ ወይም ከአበባ ጋር ራሳችን ይዘናቸው እንገባለን።

ሴቷ ጨለማና ጸጥታ ያለበት ቦታ ፈልጋ እንቁላሏን ትጥላለች። የምትጥለው ደግሞ እጩ ወዲያው የሚበላው ነገር አጠገብ ነው። እንቁላሎቹ በአስሮች የሚቆጠሩ ናቸው። አንዳንዴ ወደ 100 ይጠጋሉ። በ1 እስከ 3 ሳምንት ውስጥ ይፈለፈላሉ። ጥንዚዛዋ እንቁላሏን ከጣለች በኋላ ወደ ብርሃን ትሳባለች። መስኮት ላይ የምናገኛት ለዚህ ነው። ብዙ ጊዜ እኛ ባየናት ሰዓት እሷ ሥራዋን ጨርሳለች።

እጩ ረጅም ዕድሜ አለው። እንደ ሙቀቱና እንደ ምግቡ ከጥቂት ወራት እስከ 2 እና 3 ዓመት በእጭነት ሊቆይ ይችላል። ጥንዚዛ ከሆነ በኋላ የሚኖረው ግን ጥቂት ሳምንት ነው። እድገቱ ላይ እያለ ቆዳውን ደጋግሞ ይጥላል። ባዶው ገለፈት እንደ እጩ ራሱ ፀጉራም ስለሆነ ብዙ ሰው የሞተ ትል ይመስለዋል። የዝንጉርጉሯ እጭ አጭርና ወፍራም ነው። ቡናማና ፈዛዛ ቀለበት እየተፈራረቀ ይታይበታል። ከኋላው የፀጉር ጭብጥ አለው። የጥቁሯ እጭ ረዘም ይላል፣ እስከ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ከራሱ ሰፍቶ ወደ ኋላው እየቀጠነ ይሄዳል። ቀለሙ ወርቃማ ቡናማ ሲሆን መጨረሻው ላይ ረጅም የፀጉር ጭራ አለው።

ምን ይበላል? ከእንስሳ የመጣ ነገር ሁሉ ይስማማዋል። ሱፍ፣ ሐር፣ ላባ፣ ፀጉር፣ ቆዳ፣ ቀንድ፣ የሞቱ ነፍሳት። የፀጉርና የላባ ዋና ንጥረ ነገር የሆነውን ኬራቲን መፍጨት የሚችል ፍጡር ብዙ አይደለም። እሱ ግን ይችላል። አንዳንዱ ዝርያ እህል፣ ዱቄት፣ የዱቄት ወተት፣ የደረቀ የውሻና የድመት ምግብም ይበላል። ጥጥና ናይለን ንጹሕ ከሆኑ አይነካቸውም። ላብ፣ ዘይት ወይም የምግብ ፍንጣቂ ካለባቸው ግን ቆሻሻውን ሲበላ ጨርቁንም አብሮ ይበሳል። ከሱፍና ከጥጥ ተቀላቅሎ በተሠራ ልብስ ላይ ደግሞ ሱፉን መርጦ ይበላና ጥጡን ይተወዋል።

በስህተት ሌላውን እንዳታሳድዱ

እዚህ ጋ ረጋ በሉ። ያልሆነ ነፍሳት አሳድደው ብዙ ገንዘብ ያወጡ ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

ትኋን ጠፍጣፋ ነው፣ አይበርም፣ ደም ይመጥጣል። አንሶላ ላይ የደም ምልክትና ጥቁር ነጠብጣብ ይተዋል። የምንጣፍ ጥንዚዛም ሆነች እጯ ሰው አይነክሱም። ሆኖም የእጩ ፀጉር ተነቅሎ አንሶላና ልብስ ላይ ሲቀር አንዳንድ ሰው ቆዳው ያሳክከዋል፣ ሽፍታም ያወጣል። «ተነክሻለሁ» የሚያሰኘው ይሄ ነው። አልጋው ላይ ደም ወይም ጥቁር ነጠብጣብ ሳይኖር ፀጉራም ገለፈት ካገኛችሁ ጥርጣሬያችሁን ከትኋን ወደ ጥንዚዛ አዙሩት።

ሁለተኛው ብል ነው። ብል የምንለው የልብስ በላተኛ እናቱ ጥንዚዛ አይደለችም፣ ትንሽ የእሳት ራት ናት። የብል እጭ ፀጉር የለውም፤ ነጣ ያለ ለስላሳ ትል ነው። በበላበት ቦታ ድር ወይም እንደ ከረጢት ያለ ነገር ይተዋል። የጥንዚዛዋ እጭ ድር አይሠራም። ቀዳዳ ኖሮ ድር ከሌለ፣ በአካባቢውም ፀጉራም ገለፈት ካለ፣ ጥንዚዛ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የእጅ ባትሪ
- ማጉያ መነጽር (የስልክ ካሜራም ይበቃል)
- ግልጽ የሚያጣብቅ ፕላስተር
- ቀጭን አፍ ያለው ቫኪዩም ክሊነር
- ወፍራም ትልልቅ የላስቲክ ከረጢቶች
- የልብስ ብሩሽ
- ሙቅ ውኃና ሳሙና፣ ካለም የማጠቢያና የማድረቂያ ማሽን
- እስከ 18 ከዜሮ በታች ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚቀዘቅዝ ፍሪዘር
- ክዳኑ ጥብቅ የሆነ የፕላስቲክ ሳጥን
- ስንጥቅ መድፈኛ ሲሊኮን
- ለመስኮትና ለአየር መውጫ የሚሆን ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት
- የሚያጣብቅ የነፍሳት ወጥመድ
- የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፣ ጓንት

የመርዝ መርጫ ያልጻፍኩት ረስቼው አይደለም። ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ደረጃ በደረጃ

1. ናሙና ያዙ። ያገኛችሁትን ጥንዚዛ፣ ትል ወይም ገለፈት በፕላስተር አንስታችሁ ነጭ ወረቀት ላይ ለጥፉት። ያገኛችሁበትን ቦታና ቀን አጠገቡ ጻፉ። በማጉያ አይታችሁ ከላይ ከገለጽኩት ጋር አስተያዩት። ይሄ ለምን ይጠቅማል? አንደኛ፣ ከተሳሳተ ሕክምና ያድናችኋል። ሁለተኛ፣ ወረቀቱ ከጥቂት ቀናት በኋላ ካርታ ይሆናል። ጥንዚዛ በየመስኮቱ ይበተናል፤ እጭና ገለፈት ግን የሚበዛው ምንጩ አጠገብ ነው። አምስት ገለፈት ከአንድ ክፍል ከመጣ ፍለጋችሁ የሚጀመረው እዚያ ክፍል ነው።

2. ምንጩን ፈልጉ። የዚህ ሁሉ ሥራ ልብ ይሄ ደረጃ ነው። ግማሽ ቀን ቢወስድባችሁ አትቆጩ። መብራት አጥፍታችሁ ባትሪውን ወለሉ ላይ አጋድማችሁ አብሩት። ብርሃኑ በጎን ሲመታው ትንሿ ፀጉር እንኳ ጥላ ትጥላለች። ከላይ ወደ ታች ሲበራ የማይታየው ያኔ ይታያል።

ቀላሉን ቦታ ማንም ያየዋል። የምንጣፍ ጠርዝ፣ ከሶፋና ከአልጋ ሥር፣ የቁም ሳጥን ወለል። ምንጣፉን ገልብጡት፤ ከመሃሉ ይልቅ ጠርዙና ከከባድ ዕቃ ሥር ያለው ክፍል ነው የሚበላው። ለምን ቢባል ሰው አይረግጠውም፣ መጥረጊያም አይደርስበትም። ሶፋው ላይ መቀመጫውን አንሡና ስፌቱን ግለጡት። ልብስ ላይ ኮሌታ፣ ኪስ ውስጥ፣ ከብብት በታችና የተጣጠፈውን ጠርዝ እዩ።

ሰው የማይደርስበት ግን ሌላ ነው፦

- ዘኮሎና (ከግድግዳው ግርጌ የሚገጠመው ጠርዝ) ወለሉ መሃል ያለው ክፍተት። ፀጉርና አቧራ እዚያ ይጠራቀማል። የወደቀ የሰውና የእንስሳ ፀጉር ብቻውን ለእጩ በቂ ቀለብ ነው።
- የአምፖል መሸፈኛ ውስጥ። የሞቱ ዝንቦችና የእሳት ራቶች ተከማችተው ይገኛሉ።
- ከኮርኒስ በላይ፣ ከጣሪያ ጠርዝ ሥርና ጭስ መውጫ ውስጥ የተሠራ የወፍ ጎጆ። ላባ፣ የሞተ ጫጩት፣ ጥገኛ ነፍሳት፤ ሁሉም ምግብ ነው። የተተወ የተርብ ጎጆም እንደዚያው።
- በመርዝ የሞተ አይጥ ግድግዳ ውስጥ ወይም ኮርኒስ ላይ ከቀረ ሬሳው ለወራት ይመግባቸዋል። ከጥቂት ወራት በፊት የአይጥ መርዝ አስቀምጣችሁ ከነበር ይሄንን ቀድማችሁ ጠርጥሩ።
- የሸረሪት ድር። በድሩ የቀሩትን የነፍሳት ሬሳዎች ይበላሉ።
- የእንስሳ ፀጉር ያለው ብሩሽ፣ ፒያኖ ውስጥ ያለው የሱፍ ንጣፍ፣ ቀንድና የታሸ የአውሬ ቆዳ፣ ላባ ያለበት ጌጥ።
- ጓዳ ውስጥ ተከፍቶ የተረሳ ዱቄት፣ ጥራጥሬ፣ ቅመም፣ የውሻ ምግብ። የጥቁሯ ዓይነት ካጋጠመቻችሁ ጓዳውን አትዝለሉት።

ቤቱ ሁሉ ንጹሕ ሆኖ ጥንዚዛው ካላቆመ መልሱ ብዙ ጊዜ ከኮርኒስ በላይ ነው።

3. ዕቃውን ሳትበትኑ አሽጉ። የተጠረጠረውን ልብስ፣ ብርድ ልብስና ትራስ እዚያው ባለበት ከረጢት ውስጥ ከትታችሁ አፉን እሰሩ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሌላ ክፍል የሚሄደው። ክፍት አድርጋችሁ ከያዛችሁት እንቁላሉና እጩ እየረገፈ በየመንገዱ ይቀራል። እንቁላሉ ጨርቁ ላይ አጥብቆ አይጣበቅም፣ በቀላሉ ይወድቃል።

በሦስት ከረጢት ለዩት፦ የሚታጠብ፣ የማይታጠብ ነገር ግን መዳን ያለበት፣ የሚጣል። ሦስተኛው ከረጢት በዚያው ቀን ከቤት ይውጣ።

4. በቫኪዩም በደንብ ሳቡ። ሰው ይሄንን እንደ ተራ ጽዳት ያየዋል። ዋናው መድኃኒት ግን እሱ ነው። ቫኪዩሙ እንቁላሉን፣ እጩን፣ ገለፈቱንና ምግቡን በአንዴ ያነሳል። መርዝ ከአራቱ ሁለቱን እንኳ በቅጡ አይነካም።

ቀጭኑን አፍ ተጠቀሙ። በዘኮሎው ጥግ፣ በምንጣፉ ጠርዝ በሁለቱም ፊት፣ በሶፋው ስፌት፣ በቁም ሳጥኑ ማዕዘን፣ በመሳቢያው ሐዲድ፣ በፍራሹ ጠርዝ ቀስ ብላችሁ ሂዱ። ቀስ ማለቱ ትርጉም አለው። እጩ በፀጉሩ ጨርቁን ይዞ ይቆያል፤ ፈጥናችሁ ካለፋችሁ አይነሳም። በአንድ ቦታ ላይ ደጋግማችሁ፣ አቅጣጫ እየቀያየራችሁ ሳቡ።

እንደጨረሳችሁ የቫኪዩሙን ከረጢት ወይም የአቧራ መያዣውን ውጭ አውጥታችሁ ላስቲክ ውስጥ አራግፉት፣ ላስቲኩን አስራችሁ ጣሉት። ከረጢቱ ውስጥ ፀጉርና አቧራ ሞልቷል። እጩ እዚያው እየበላ ሊያድግ ይችላል።

ቫኪዩም ከሌለ? ምንጣፉን ውጭ አውጥታችሁ ገልብጣችሁ አራግፉት፣ በሁለቱም ፊት በጠንካራ ብሩሽ ጥረጉት። የወለሉን ጥጋጥግ በእርጥብ ጨርቅ አንሱት። ደረቅ መጥረጊያ አቧራውን ያነሳና ወደ ስንጥቁ ይመልሰዋል።

5. የሚታጠበውን በሙቅ እጠቡ። ውኃው ከ55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሁን፣ ልብሱም ቢያንስ 30 ደቂቃ በዚያ ሙቀት ይቆይ። ሙቀቱ እንቁላሉንም እጩንም ይገድላል። ቀዝቃዛ ውኃ ላቡንና ዘይቱን ያነሳል እንጂ እንቁላሉን ለመግደል አይታመንም። ማድረቂያ ማሽን ካለ በከፍተኛ ሙቀት 30 ደቂቃ ያህል ያዙሩት።

መጀመሪያ ግን ልብሱ ላይ የተሰፋውን ምልክት አንብቡ። ሱፍና ሐር በሙቅ ውኃ ይኮማተራሉ። ትሉን ገድሎ ሹራቡን ለሕፃን ልክ ማድረግ ማንንም አይጠቅምም። እነሱ ወደ ደረጃ 6 ይሂዱ፣ ወይም ለደረቅ እጥበት ስጧቸው። ደረቅ እጥበትም ይገድላል። ስትሰጡ ግን ነፍሳት እንዳለበት ተናገሩ፤ ከሌላ ሰው ልብስ ጋር ክምር ውስጥ እንዳይቀመጥ።

6. የማይታጠበውን አቀዝቅዙ። ሱፍ፣ ሐር፣ ላባ፣ የቆዳ ዕቃ፣ የልጆች አሻንጉሊት በዚህ መንገድ ይድናሉ።

ሀ. ዕቃው ደረቅ መሆኑን አረጋግጡ። እርጥበት ካለ በረዶ ሆኖ ክሩን ይጎዳዋል።

ለ. ላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከትታችሁ አየሩን በእጃችሁ ጨምቃችሁ አውጡና አፉን አሽጉ። አየር ከቀረ ውስጡ እርጥበት ይቋጥራል።

ሐ. 18 ከዜሮ በታች በሆነ ፍሪዘር ውስጥ 2 ሳምንት ይቆይ። ወፍራም ዕቃ መሃሉ ዘግይቶ ስለሚቀዘቅዝ ለእሱ ጥቂት ቀን ጨምሩለት። የፍሪጅ የታችኛው ክፍል አይሠራም። እዚያ እጩ ይፈዝዛል እንጂ አይሞትም።

መ. ስታወጡት ከረጢቱን ሳትከፍቱ አንድ ቀን ሙሉ በክፍል ሙቀት አቆዩት። ወዲያው ከከፈታችሁት የክፍሉ አየር ቀዝቃዛው ጨርቅ ላይ ውኃ ይሆናል።

ሠ. ከዚያ ውጭ አውጥታችሁ ቦርሹት። የሞተው እጭ ፀጉር ልብሱ ላይ ከቀረ ቆዳ ማሳከኩን አይተውም፤ ለሌላ እጭም ቀለብ ይሆናል።

ፍሪዘር የማይበቃው ትልቅ ነገር ካለ ፀሐይ ላይ ዘርግታችሁ ስፌቱንና እጥፋቱን እየገለጣችሁ ቦርሹት። እጩ ብርሃኑን ሲሸሽ ይረግፋል፣ እንቁላሉም በብሩሹ ይወድቃል። ይሄ እንደ ፍሪዘሩ የተሟላ አይደለም፤ በየሳምንቱ ደጋግሙት።

7. ከኮርኒስ በላይ ያለውን አጽዱ። ጓንትና መሸፈኛ አድርጉ። የወፍ ጎጆ ካለ እንቁላል ወይም ጫጩት እንደሌለበት አረጋግጡ። ካለ በርረው እስኪሄዱ ጠብቁ። የተተወውን ጎጆ ከረጢት ውስጥ ከታችሁ አውጡት። የሞተ አይጥም እንዲሁ። ከዚያ ወፉና አይጡ የገባበትን ቀዳዳ በወንፊት ዝጉት፤ ካልዘጋችሁት በሚቀጥለው ጊዜ ይሄንኑ ሥራ ትደግሙታላችሁ። የአምፖል መሸፈኛዎቹን መብራቱን አጥፍታችሁ አውርዱና እጠቡ።

8. መግቢያውን ዝጉ። የተቀደደ የመስኮት ወንፊት ጠግኑ። የዘኮሎውንና የግድግዳውን ስንጥቅ በሲሊኮን ድፈኑት። ድፈናው ከደረጃ 4 በኋላ ይሁን፤ አስቀድማችሁ ከደፈናችሁ ፀጉሩንና እጩን አብራችሁ ትቀብሩታላችሁ። አበባ ወደ ቤት ስታስገቡ ውጭ ቆማችሁ አራግፉት፣ የአበባውን መሃል እዩ።

9. በንጽሕና አስቀምጡ። ለረጅም ጊዜ የማይለበስ ልብስ ታጥቦና ደርቆ ብቻ ወደ ሳጥን ይግባ። አንዴ ብቻ የተለበሰ ኮትም ላብ አለበት። ሳጥኑ ክዳኑ ጥብቅ የሆነ ፕላስቲክ ይሁን። ካርቶን ስንጥቅ ስላለው አይሆንም። የጓዳውን ደረቅ ምግብ በሚጠብቅ ዕቃ አስቀምጡ። ነፍሳት የተገኘበትን ዱቄት አጣርቶ ለመጠቀም አትሞክሩ፤ የእጩ ፀጉር በወንፊት ያልፋል፣ ሆድም ይረብሻል።

10. ወጥመድ አስቀምጡ፣ ጠብቁ። የሚያጣብቀውን ወጥመድ መስኮት አጠገብ፣ ከሶፋ ሥርና ቁም ሳጥን ውስጥ አኑሩ። የሴቷን ሽታ አስመስሎ የተሠራ ወጥመድም አለ። እሱ የሚስበው ወንዱን ብቻ ነው። ስለዚህ ወጥመድን እንደ መቁጠሪያ እዩት፤ እጩን አይዝም፣ ቤቱንም አያጸዳም። ጥቅሙ የትኛው ክፍል እንደቀረ መንገሩ ነው። በየሳምንቱ አይታችሁ ቁጥሩን በዚያችው ናሙና ወረቀት ላይ ጻፉ።

ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ቫኪዩሙን በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ በኋላ በሳምንት አንዴ ሳቡ። በጽዳቱ ያመለጠ እንቁላል ከሳምንታት በኋላ ይፈለፈላል። ከተደበቀ እጭ ደግሞ ከወራት በኋላ ጥንዚዛ ይወጣል። ስለዚህ ከጽዳቱ በኋላ አንድ ሁለት ጥንዚዛ ብታዩ ሥራው ከሸፈ ማለት አይደለም። አዲስ ገለፈት ሲበዛ ግን ያላገኛችሁት ምንጭ አለ። ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ።

መርዝን በተመለከተ

አሁን ወደ ፍሊቱ። አየር ላይ የሚነፋ ፍሊት የሚበረውን ይገድላል። እጩ ግን ዘኮሎ ሥርና ስፌት ውስጥ ስለሆነ ጉሙ አይደርስበትም። ክፍል ዘግቶ የሚለቀቅ የጭስ ቆርቆሮም ያው ነው። የግድ ከሆነ፣ ያውም ከጽዳቱ በኋላ፣ ማሸጊያው ላይ ለምንጣፍ ጥንዚዛ እንደሚሆን የተጻፈበትን ምርት መርጣችሁ ስንጥቅና የዘኮሎ ጥግ ላይ ብቻ ርጩ። ያልጸዳ ቦታ ላይ ከተረጨ አቧራው መርዙን ይመጥጠዋል፣ እጩም ከሥሩ ይተርፋል።

እነዚህን አትለፉ፦

- ፍራሽ፣ ትራስ፣ አንሶላ፣ የሚለበስ ልብስና የልጆች አሻንጉሊት ላይ መርዝ አይረጭም። ሌሊቱን ሙሉ ፊታችሁ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው።
- ፐርሜትሪን የሚባለው የነፍሳት መርዝ ያለበት ምርት ለድመት አደገኛ ነው። ለዓሣም እንዲሁ። የተረጨው እስኪደርቅ ድመቷ ክፍሉ ውስጥ አትግባ፤ የዓሣ ገንዳም ካለ ከክፍሉ ይውጣ።
- ናፍታሊን የሚሠራው በጥብቅ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ጋዙ ሲጠራቀም ነው። ክፍት ቁም ሳጥን ውስጥ ጥቂት ፍሬ በትኖ መተው እጩን አይገድልም። ጋዙን የምትተነፍሱት እናንተ ናችሁ።
- ሕፃን ናፍታሊንን ከረሜላ መስሎት ሊውጠው ይችላል። ጂ6ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም እጥረት ላለበት ሕፃን ደግሞ ሽታው የተያዘበት ልብስና ብርድ ልብስ እንኳ ቀይ የደም ሴሉን ሊሰብርበት ይችላል። ሕፃን ባለበት ቤት ባይገባ ይሻላል። ልጅ ከዋጠ ሳትዘገዩ ወደ ሕክምና ውሰዱት።
- ቤንዚንም ሆነ ነጭ ጋዝ ምንጣፍ ላይ አታፍስሱ። ይሄንን የሚመክር ሰው ዛሬም አለ። ምንጣፉ ይቃጠላል፣ ቤቱም አብሮ።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

መስኮት ላይ ያለውን ብቻ መግደል አንደኛው ነው፤ ከላይ ብዬዋለሁ።

ሌላው የተበላውን ሹራብ ጥሎ አጠገቡ የነበረውን መተው ነው። እጩ ይንቀሳቀሳል፤ ከአንዱ ልብስ ወደ ሌላው ይሄዳል። አንድ ልብስ ከተበላ መደርደሪያው ሙሉ ይወርዳል፣ ሁሉም ይታያል።

የምንጣፉን መሃል እየጠረጉ ሶፋውን አለማንሳትም የተለመደ ነው። በወር አንዴ ከባዱን ዕቃ አንቀሳቅሱት።

ጥድ ወይም ላቬንደር ያስቀመጡ ሰዎች «አስቀምጫለሁ እኮ!» ይሉኛል። ሽታው ደስ ይላል። ሥራ የጀመረ እጭን ግን አያስቆመውም።

በእንፋሎት ማሽን ምንጣፉን ማራስና ሳያደርቁ መመለስ ሌላ ችግር ያመጣል። እንፋሎቱ የነካውን ይገድላል። ነገር ግን ወፍራም ምንጣፍ ውስጡ ረጥቦ ከቀረ ይሻግታል። በእንፋሎት ከሠራችሁ በዚያው ቀን አየር በሚገባበት ቦታ ሙሉ በሙሉ አድርቁት። ሐር ላይ አትሞክሩት።

ተስፋ ቆርጦ ፍራሽ መጣልም አለ። ፍራሹ ከስፖንጅ ወይም ከጥጥ ከተሠራ ራሱ ምግብ አይሆንም። ጠርዙን በቫኪዩም ሳቡ፣ ከአልጋው ሥር አጽዱ፣ አንሶላውን በሙቅ እጠቡ፤ ይበቃል። ሱፍ ወይም ላባ የተሞላ ከሆነ ግን ስፌቱን በጥንቃቄ እዩት። ውስጡ እጭ ካለ ፍሪዘር ውስጥ ስለማይገባ ለባለሙያ የምትሰጡት ወይም የምትጥሉት እሱን ነው።

ባለሙያ የሚጠራው መቼ ነው? እስከ ደረጃ 10 ያለውን ሁለት ዙር ሠርታችሁ ገለፈቱ ካልቀነሰ፣ ምንጩ ግድግዳ ውስጥ ወይም የማትደርሱበት ኮርኒስ ላይ ከሆነ፣ ወይም የተጠቃው ውድ የእጅ ሥራ ምንጣፍ ከሆነ። ሲመጣ ናሙና ወረቀቱን ስጡት። ሳይፈትሽ ወዲያው መርጨት የሚጀምር ከሆነ ሌላ ሰው ፈልጉ።

ቆዳው ሽፍታ ያወጣበት ሰው ካለ ደግሞ የአልጋ ልብሱን በሙቅ አጥባችሁ መኝታ ክፍሉን በቫኪዩም ከሳባችሁ በኋላ ብዙ ጊዜ እየቀነሰ ይሄዳል። ካልቀነሰ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረው፣ ሐኪም ይየው።